ፈረሱ አርባ አያውቅም

እኛ ኢትዮጵያውያን ለቅሶ እናውቅበታለን። ይህን የምንለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ሰው ሌሊት ቢሞት ንጋት ላይ ጡሩምባው ተነፍቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል። የእድር ሰዎች ብረት ድስቱን ያወጣሉ፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሐዘንተኛው "ምን ላድርግ?" ሳይል ሁሉም ነገር ይደረጋል። ሌላው ዓለም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚያሠራውን እኛ በወር መዋጮና በይሉኝታ እንጨርሰዋለን። በዚህስ ማንም አያማንም።

ጉዱ የሚመጣው ድንኳኑ ሲነቀል ነው። ቀብሩ አለፈ፣ ሰልስቱ አለፈ፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድ የመጨረሻውን አውቶቡስ ተሳፈረ። ባሏ የሞተባት ሴት ወይም ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ከባዶ ቤት ጋር ይፋጠጣል። ስለዚህ ባዶ ቤት ብዙ ተብሏል። እኛ ግን ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን መጥተናል። ለመሆኑ ቤቱ እውነት ባዶ ነው? ልጆቹን ሁሉም ያስታውሳቸዋል። በብዙ ቤት ግን ጋጣ ውስጥ ፈረስ ቀርቷል፤ በር ላይ ውሻ ቀርቷል፤ ምድጃ ጥግ ድመት ቀርታለች። እነዚህ ፍጥረታት ሰልስት አያውቁም፣ አርባ አያውቁም። ነገ ጠዋት መብላት ይፈልጋሉ።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። በሐዘን ቤት የቀረ እንስሳ ቶሎ ተሽጦ የሚገላገሉት ዕዳ አይደለም። ለብዙ ሐዘንተኞች ከአልጋ የሚያስነሣ ዋነኛ ምክንያት እሱ ነው። ስለዚህ ዘመድም እድርም "ሽጪው፣ አባሪው" ከማለቱ በፊት ቆም ይበል። ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚለውን መወሰን ያለባት ሐዘንተኛዋ ናት፤ የምትወስንበትን ቀንም የምትመርጠው እሷው ናት። እስከዚያ ድረስ የእኛ ሥራ ገለባ ማቀበል ነው።

"ፈረስ ደግሞ ከየት መጣ?"

ለከተማ ልጅ ፈረስ ማለት አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት አፄ ምኒልክ የተቀመጡበት ሐውልት ነው። ሲበዛ ደግሞ በበዓል ቀን በየሰፈሩ "ፈረስ ትጋልባለህ?" እያሉ የሚያከራዩት ልጆች የያዙት የከሳ ፍጡር ነው። ነገር ግን በአገራችን 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለጌጥ የቆሙ አይደሉም። ቢሾፍቱ፣ ሻሸመኔ ወይም ደብረ ብርሃን ወርዳችሁ ብታዩ የቤት ኪራይ የሚከፍለውም፣ ደብተር የሚገዛውም ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ባጃጅ መጥቶ ጋሪን ከብዙ ከተማ አስፋልት ገፍቶ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ቢያስገባውም፣ እህል ከወፍጮ ቤት፣ ብሎኬት ከመሸጫው፣ ጀሪካን ከቦኖ የሚያመላልሰው አሁንም እሱ ነው።

ፈረስ ከሐዘን ጋርም የቆየ ዝምድና አለው። የድሮ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ እንደነበር ታውቃላችሁ። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ፈረሱ ኮርቻውን ተጭኖ፣ የጌታው ጋሻና ጦር ተይዞ ለቅሶው መሐል ይወጣ ነበር። አልቃሽ ፈረሱን እያየች ሙሾ ታወርድ ነበር። ፈረሱ ራሱ ለቅሶ ደራሽ ነበር ማለት ነው! አዊ ዞን ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማህበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዓድዋ ፈረሶችን ውለታ እያሰበ ያከብራል። ፈረስን ማክበር ያልለመደ ሕዝብ አይደለንም። ያልለመድነው ከቀብር ማግስት "ያ ፈረስ ማን አበላው?" ብሎ መጠየቅን ነው።

"ሽጪውና ገላግይ!"

ከመሐላችን አንዱ ቢሾፍቱ ያደገ ነው። እሱ ሰፈር ባላቸው ጋሪ ነጂ የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ። ሰውየው ታመው ሞቱ። ከቀሩት ንብረቶች ዋናዎቹ አንድ ዳማ ፈረስ፣ አንድ ጋሪና በር ላይ የሚተኛ ውሻ ነበሩ። ገና ሰልስቱ ሳይወጣ ምክሩ መዝነብ ጀመረ። የሟቹ ወንድም "አንቺ ሴት፣ ፈረሱ ገለባ እየበላ ይጨርስሻል፤ እኔ ገዢ አለኝ" አላቸው። ጎረቤቱም "እትዬ፣ ሴት ልጅ ጋሪ አትነዳ፤ ምን ያደርግልዎታል?" አለ። ሌላው "ውሻውን ያባሩት፤ የጌታውን ሽታ እየፈለገ ሲያላዝን ሐዘን ይጠራል" አለ።

እሳቸው ግን አልሸጡም። መጀመሪያ የሆነ ዕቅድ ስለነበራቸው አይደለም። የሆነው ነገር በጣም ቀላል ነው። ፈረሱ በለመደው ሰዓት፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ በሰኮናው የጋጣውን በር ይደበድባል። እሳቸው ተነሥተው ካላበሉት አይተውም። ጥቁር ነጠላቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ ድርቆሽ ይጥሉለታል፤ በባልዲ ውሃ ያቀርቡለታል። ውሃ ለመቅዳት ቦኖ መውረድ አለባቸው፤ ቦኖ ላይ ደግሞ ሰው አለ። ሰው ካለ "እንዴት አደሩ?" አለ። ኋላ አንድ የሰፈር ወጣት ጋሪውን እየነዳ የቀን ገቢ ያስገባላቸው ጀመር። እሳቸውም ማታ ማታ የፈረሱን እግርና ጀርባ እየዳበሱ ቁስል እንዳለ ያያሉ፤ ካለ ልጁን በቁጣ ያንቀጠቅጡታል። ሰፈርተኛው "እትዬ ዳኑ" ያለው ያን ቁጣ ሲሰማ ነው። ሐዘኑማ አልጠፋም። ግን ቀኑ ጠዋትና ማታ አገኘ።

ይህ አንድ ቤት ነው፤ ከአንድ ቤት ተነሥተን አገር አንመክርም። ነገር ግን ሳይንሱም ቢሆን ከዚህች እናት ጋጣ ብዙ የራቀ ነገር አይናገርም።

ሐዘን ሰውን ይገድላል

ማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሆምዝና ሬይ የተባሉ ሁለት የሥነ አእምሮ ተመራማሪዎች ሰውን የሚያስጨንቁ 43 የሕይወት ክስተቶችን በነጥብ ደርድረው ነበር። ፍቺ፣ እስራት፣ ከሥራ መባረር ሁሉም አሉበት። ከሁሉ በላይ 100 ነጥብ ይዞ የተቀመጠው የትዳር ጓደኛ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውን፣ ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ የሆኑ 4,486 ወንዶች የተከታተለ ጥናት ታተመ። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት 213ቱ ሞተው ተገኙ። ይህ በዚያ ዕድሜ ከሚጠበቀው በ40 በመቶ ይበልጣል። "በሐዘን ተከትሏት ሄደ" የሚለው የአያቶቻችን ወሬ ተረት ብቻ አልነበረም። ወንዱን "ወንድ ልጅ አያለቅስም" እያልን የምናፍነው ሰዎች ይህችን ቁጥር ብናስታውሳት ጥሩ ነው።

ታዲያ መዳኛው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1999 ስትሮበና ስኹት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስረዱ። ሐዘንተኛ ሰው የሚያገግመው ቀኑን ሙሉ በማልቀስ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በመርሳትም አይደለም። በሁለቱ መካከል በመመላለስ ነው። ጥቂት ያለቅሳል፣ ከዚያ ተነሥቶ የዕለት ሥራውን ይሠራል፤ እንደገና ትዝ ይለዋል፣ እንደገና ይነሣል። ይህን ስናነብ ያቺ ባልዲ ትዝ አለችን። ፈረስ ማብላት ማለት ይኸው ነው እኮ! ጋማውን እያበጠሩ ማልቀስ ይቻላል። ግን ማበጠሩን ማቆም አይቻልም።

የቤት እንስሳን በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ያየ ጥናት ወጥቷል። የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ወይም በፍቺ ካጡት መካከል ውሻ ወይም ድመት ያላቸው ሰዎች ብቸኝነታቸውና ድባቴያቸው የሌላቸውን ያህል አልከፋም። ፈረስም ቢሆን ደንቆሮ ፍጥረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ፈረሶች የአንድን ሰው የተቆጣ ወይም ፈገግ ያለ ፊት በፎቶ አይተው፣ ከሰዓታት በኋላ ያው ሰው በአካል ሲመጣ ያዩትን ፊት አስታውሰው እንደሚጠነቀቁ ወይም እንደሚረጋጉ አሳይቷል። እንግዲህ ጌታው የት እንደሄደ ባያውቅም፣ የቀረችውን ሴት ፊት የሚያይ አንድ ፍጡር በዚያ ቤት አለ።

"የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው" የሚለውን አባባል ልንሽር አይደለም። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። ግን ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሰው ሥራ አለበት፤ ሰው ከአንድ ወር በኋላ "አሁንም ታለቅሺያለሽ እንዴ?" ማለት ይጀምራል። እንስሳ ይህን አይልም።

በለቅሶው ሳምንት

አሁን ወደ ተግባር እንውረድ። ፈረስ ሆዱ የተፈጠረው ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ እንዲበላ ነው። ጨጓራው ከሰውነቱ ግዝፈት አንጻር ትንሽ ነው፤ ማስታወክ ደግሞ አይችልም። ስለዚህ ሁለት ቀን ጠግቦ ሳይበላ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን አንድ ለቀስተኛ አዝኖለት አንድ ቁና ገብስ ቢያፈስለት ሊገድለው ይችላል። ብርቱ የሆድ ቁርጠት ይይዘዋል፤ ከተረፈም እግሩ ሊበላሽ ይችላል። ለቅሶ ቤት የተረፈ እንጀራና ንፍሮ በገፍ መስጠትም ያው ነው። ለፈረስ በለቅሶው ሰሞን የሚያስፈልገው የለመደው ድርቆሽ ወይም ጭድ፣ በለመደው ሰዓት፣ ከብዙ ውሃ ጋር ነው። የሚሠራ ፈረስ በቀን 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ይህ ከአንድ ትልቅ ጀሪካን ይበልጣል። ጀሪካኑን ማን ያመጣል? ይህ ለአንድ ጎረምሳ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ለሐዘንተኛ የሚተው አይደለም።

ሌላው አደጋ ደግሞ በተቃራኒው ነው። "ገቢ እንዳይቀር" ተብሎ ፈረሱ ከቀብሩ ማግስት ለማያውቀው ነጂ ይሰጣል። ያ ልጅ ፈረሱ የት እንደሚቆስል፣ ስንት ኩንታል እንደሚችል አያውቅም። ኮርቻና ማሰሪያ የላጠው ቆዳ ደግሞ የበሽታ በር ነው። በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየው፣ ቆዳውን እያበጠና እየፈነዳ የሚሄደው የፈንገስ በሽታ የሚገባው በእንዲህ ያለ ቁስል በኩል ነው። ሳምንት ሳይሞላ አንካሳ የሆነ ፈረስ ይመለሳል። አንካሳ ፈረስ ደግሞ አገራችን ውስጥ ዕጣው የታወቀ ነው። ሥጋው አይበላም፣ ገዢ የለውም፤ አስፋልት ዳር ይለቀቃል። በየከተማው መውጫ ቆመው የምናያቸው፣ መኪና የማይሸሹ ፈረሶች ከየት የመጡ ይመስላችኋል?

ውሻውንም አንርሳ። ውሻውን ማባረር ለሐዘንተኛዋ ሌላ ስንብት መጨመር ነው። ለሰፈሩ ደግሞ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ መጨመር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚገድል በሽታ በመሆኑ፣ ሰፈር ለሰፈር ከሚዞር ውሻ ይልቅ ግቢ ውስጥ ያለ፣ በየዓመቱ የሚከተብ ውሻ ለሁላችንም ይሻላል። ሟቹ ያስከትቡት ከነበረ ቀጣዩ ቀን መቼ እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ አይቶ ማስታወስ የልጆቹ ሥራ ይሁን።

ፈረሱ የማን ነው?

"እኔ ገዢ አለኝ" ያለው የሟቹ ወንድም መብት አለው? ብዙ ሰው ይህን አያውቅምና በአጭሩ እንንገራችሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተገኘን ንብረት የባልና የሚስት የጋራ አድርጎ ይገምታል፤ በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም እንኳ የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። ይህ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። እንግዲህ በትዳር ላይ የተገዛ ፈረስ ግማሹ ከመጀመሪያውም የሚስት ነው። የቀረው ግማሽ የሟቹ ውርስ ይሆናል። ኑዛዜ ከሌለ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀዳሚዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው። ልጅ ካለ ወንድም ወራሽ አይደለም! ልብ በሉ፣ ልጅ ከሌለ ግን የሟቹ ድርሻ ወደ ወላጆቹ ወገን ይሄዳል፤ ሚስት በዚያ የወራሾች ተራ ውስጥ አልተቆጠረችም። ይህ እኛን አያስደስተንም፤ ሆኖም ሕጉ ይህን ይላል። ስለዚህ ባልና ሚስት በሕይወት እያሉ ኑዛዜ ቢያደርጉና የጋብቻ ማስረጃቸውን ቢይዙ ለማንም አይጎዳም። "ሟርት ነው" የምትሉ ካላችሁ፣ ሟርቱ ከፍርድ ቤት ምልልስ ይሻላል።

ለሚቃወሙን

"እናንተ የከተማ ልጆች ስለሆናችሁ ነው፤ ፈረስ መቀለብ ምን ያህል እንደሚያስወጣ አታውቁም" የሚሉን ይኖራሉ። እውነት አላቸው። ድርቆሹም ፉርሽካውም በነጻ አይገኝም። አቅም የሌላት፣ ጤና የሌላት፣ ፈረሱን ባየች ቁጥር የሚብስባት ሴት ልትሸጠው ትችላለች፤ መሸጧም ክህደት አይደለም። እኛ የምንቃወመው ሽያጩን አይደለም። የምንቃወመው በሰልስት ላይ የሚደረገውን ሽያጭ ነው። በሐዘን ሳምንት የሚሸጥ ፈረስ በእርካሽ ይሸጣል፤ ገዢው ያውቃላ! ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ያቺ ሴት ገንዘቡ ለተዝካር አልቆ፣ ገቢው ተቋርጦ፣ የምትነሣበት ምክንያትም ጠፍቶ ትገኛለች።

በተቃራኒው ያለውም ስሕተት አለ። ልጅ ከዋሽንግተን ደውሎ "ለማዘር ውሻ ግዙላት፣ ብቸኝነቱን ያስረሳታል" ይላል። ቡችላው ይመጣል። ማዘር ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ውሻ ፈርተው የኖሩ ናቸው! ሽንቱን ሲጠርጉ፣ ጫማ ሲያስጥሉ ይውላሉ። ያልተጠየቀ እንስሳ ስጦታ ሳይሆን ሌላ ሸክም ነው። ሐዘንተኛን የሚያነሣው ከሟቹ ጋር አብሮ የተኖረበት፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ራሱም ሰው የጎደለበት እንስሳ ነው። አዲስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይጠየቁ። ቀላል ነው፤ "ማዘር፣ ይፈልጋሉ?"

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እድሮቻችን መተዳደሪያ ደንብ አላቸው። ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ውሃ የሚቀዳው በተራ ይመደባል። እኛ የምንለው አንድ ተራ ይጨመርበት ነው። በሐዘን ቤት እንስሳ ካለ፣ እስከ አርባ ቀን ጠዋትና ማታ የሚያግዝ ሰው ይመደብ። ሥራውን ሁሉ ቀምቶ ይሥራ አላልንም። ሐዘንተኛዋ ስትችል እሷ ታብላ፤ ሳትችል እሱ ያብላ። ውሃውን ግን ሁልጊዜ እሱ ያምጣ። ሁለተኛ፣ እስከ አርባው ድረስ ስለ ሽያጭ የሚያነሣ ሰው "አሁን ጊዜው አይደለም" ይባል። ሙስሊም ቤት ከሆነ ደግሞ ሚስት ኢዳ ላይ የምትቆይበት 4 ወር ከ10 ቀን አለ፤ በዚያ ጊዜ ከቤት መውጣት ስለማይበዛላት ከደጅ ገለባ የሚያመጣ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋታል። ሦስተኛ፣ ጋሪውን የሚነዳ ሰው ካስፈለገ ሐዘንተኛዋ ራሷ ትምረጠው፤ ገቢውም በእጇ ይግባ።

የከተማ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር አለብን። ለቅሶ ስንደርስ ሞባይላችንን እየነካካን ድንኳን ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ ጓሮ ዞር ብለን እንይ። የታሰረ እንስሳ አለ? ውሃ አለው? ከአርባው በኋላ ስንደውል ደግሞ "እግዜር ያጽናሽ" ብለን ከመዝጋት "ፈረሱ እንዴት ነው? ውሻው በላ?" ብለን እንጠይቅ። ሐዘንተኛ ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲባል "ደህና ነኝ" ብሎ ያልፈዋል። "ፈረሱ እንዴት ነው?" ሲባል ግን ብዙ ያወራል።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላሉ አባቶች። የሐዘኑን ውጊያ የምትዋጋው እሷው ናት፤ ያንን ማንም አይዋጋላትም። ጠዋት ድረስ ግን ያደርሳታል። እኛም በበኩላችን ለማድረሱ አንድ ጀሪካን ውሃ አንንፈጋት።

ቸር እንሰንብት!